ከሰባቱ የቱን ላስቀድም

ሰኞ፣ መስከረም 11

ሰባት ናቸው! እኔ አንድ መስሎኝ "ለበዓል ስትመጪ ያንን ጌም ይዘሽልን ነይ" ብዬ ብደውል መሠረት ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ የቱን? ሰባት እኮ ናቸው" አለች። ጉድ እኮ ነው። እኔ አንዱን መጥራት አቅቶኛል፣ ሰባት።

ከሥሩ ልጻፈው፣ አለዚያ ለራሴም ይጠፋኛል። መሠረት ልጃችን ሐዋሳ ነው የምትሠራው። ክረምት ለእረፍት መጥታ የጌም ማሽኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታ ስትጫወት፣ ኤርሲዶ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ባለቤቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ ተማሪዎቹ "ጋሽ ካርታ" የሚሉት። አምና ስትሮክ መታው። እጁ ደህና እየተመለሰ ነው፣ ምላሱ ግን ተሳሰረ። ፊዚዮቴራፒስቷ "ንግግሩ አልጠፋም፤ ዝም ባለ ቁጥር ግን እየከበደው ይሄዳል፣ እንዲናገር አድርጉት" ብላናለች። እንዴት አድርጌ? ቃል አፉ ላይ ሲሰበርበት ያፍራል። የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው ነዋ! ስለዚህ በአገጩ "እሺ"፣ በቅንድቡ "እምቢ"፣ በቃ። እኔ ለሁለት አወራለሁ። ለነገሩ ድሮም ለሁለት ነበር የማወራው፤ ያኔ ግን መልስ ነበረው።

ያን ቀን ግን ጌሙ ላይ ያሉት ግመሎች አሸዋው ውስጥ ሲጠፉ አይቶ "ወዴት?" አለ። ከአፉ ወጣ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ማግስቱን መሠረት ማሽኗን ይዛ ሄደች፣ እሱም ወደ ዝምታው።

ስለዚህ አሁን ማሽኑን እዚሁ ልትተውልን ተስማማች። ችግሩ ሆዱ ጠባብ ነው፣ ከሰባቱ አንዱን ብቻ ነው የሚችለው። እዚህ ሆሳዕና ከተማ በኢንተርኔት እናውርደው ብንል፣ ክረምት ሞክራው ነበር፤ ለጥምቀት ያልቅ ነበር። ሐዋሳ ጭናው ትመጣለች። "እስከ ሐሙስ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ከዚያ በኋላ የምመጣው ለገና ነው" አለች። የተሳሳተውን ብመርጥና ቢሰለቸው እስከ ገና ዝም ሊል ነው ማለት ነው። እስከ ገና!

"ከአንድ ነዋ የሚጀመረው! አንቺስ ከየቱ ጀመርሽ?" አልኳት።
"ከአምስተኛው። ጓደኛዬ ዘንድ እሱ ብቻ ነበር።"
"ታዲያ እንዴት ነበር?"
"ሁለት ዓመት ምንም አልገባኝም።"

ማክሰኞ፣ መስከረም 12

ጠዋት አራት ዩኒፎርም ጨረስኩ (ትምህርት ቤት ተከፍቶም የሚያሰፋ አለ፣ ምን ይባላል)። ከዚያ ኤርሲዶ አጠገብ ሆኜ በስፒከር እንደገና ደወልኩና አስረዳችኝ። እንደገባኝ ልጻፈው።

"የጨው መንገድ" ይባላል። በረሃ አቋርጠው ጨው የሚያመላልሱ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ በአሸዋ የተቀበሩ ከተሞች ይፈልጋሉ፣ ሽፍታ ያባርራቸዋል፣ ከገደል ይዘላሉ። አንደኛው ላይ ሚራ የምትባል ልጅ ናት። ሁለተኛውም እሷው። ሦስተኛው ላይ አባቷ ካሌን ይሞታል። አራተኛው ላይ አባትየው ይነሳል! አልተነሳም አለች መሠረት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣት ሆኖ ነው። አምስተኛው የአጎት ነው፣ እሱን እርሺው አለች። ስድስተኛው የአያቲቱ የኦሪን ነው፣ ሚራ ገና ሳትወለድ። ሰባተኛው ላይ ሚራ እራሷ ሸብታለች። በዚያ ላይ አንደኛው ጌም አርጅቶ ስለነበር በአዲስ መልክ እንደገና ተሠርቷል። እንግዲህ አንደኛው ሁለት ጊዜ ተወልዷል፣ ስድስተኛው ከአንደኛው ይቀድማል፣ የሞተው ከሞተ በኋላ ወጣት ነው። ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት የቅቤ ዊጆአችን ነበር። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ በየተራ እያዋጣን ለያሆዴ፣ ለሀዲያ አዲስ ዓመት፣ የምናጠራቅመው ቅቤ ማለት ነው። ወንዶቹ ለበሬው፣ እኛ ለቅቤው። አፌ አላርፍ ብሎኝ ነገርኳቸው።

እትዬ አስቴር ሰብሳቢያችን ናት፣ ቅቤም ነገርም የምትመዝን። "ሰባት ልጆች ያሉበት ቤት ብትገቢ መጀመሪያ ማንን ነው ሰላም የምትይው?" አለችኝ።
"ታላቁን።"
"ታዲያ ምን ያዳርቅሻል? ታላቁን አስቀድሚ።"
"ታላቁ የቱ ነው እትዬ? ቀድሞ የተሠራው አንደኛው ነው። ግን ስድስተኛው የአያትየዋ ታሪክ ነው።"

እንደ ርስት ክርክር ተጀመረ። ግማሹ "ቀድሞ የተወለደ ነው ታላቅ" አለ፣ ግማሹ "አያት ቆማ የልጅ ልጅ ታላቅ ይሆናል እንዴ?" አለ። ማርታ ጎረቤቴ ደግሞ ጣቷን እየላሰች "አበበች፣ እውነቱን ንገሪን፣ ለእሱ ነው ወይስ ለራስሽ?" አለችና ሁሉም ሳቀብኝ። ፊቴ ጋለ። ትንሽ ለራሴም ነው፣ እዚህ ላይ ማን ያየኛል።

በመጨረሻ እትዬ አስቴር ፈረደች፤ አያቲቱ ትቅደም። ስድስት። ቅቤውንም በዕድሜ ነው ያካፈልነው። እኔ አምስተኛ ሆንኩ፣ ደስ አለኝ፤ አምና ስድስተኛ ነበርኩ፣ ከበላዬ የነበረችው አዲስ አበባ ልጇ ዘንድ ስለሄደች ነው እንጂ አላረጀሁም።

ረቡዕ፣ መስከረም 13

ጌም ቤት ገባሁ። እኔ! ነጠላዬን እንደለበስኩ!

ነስሩ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሞባይልና ቴሌቪዥን ይሸጣል፣ ከሱቁ ኋላ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ኋላ ጌም ቤቱ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው ቦታ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ ነው የማውቃቸው፤ የመጀመሪያ የስፌት ክሬን ከእሳቸው ነው የገዛሁት። ስገባ የሚጫወቱት ወንዶች ሁሉ ተነሱ። የመጣሁት የሆነ ልጅ በጆሮው ይዤ ልወጣ መስሏቸዋል።

"የጨው መንገድን ፈልጌ ነበር፣ ከየቱ ነው የሚጀመረው?" ስል ነስሩ ሒሳቡን አቋርጦ አየኝ።
"ለማን ነው እትዬ?"
"ለጋሽ ኤርሲዶ።"

ፊቱ ተለወጠ። እሱንም አስተምሮታል። "ጋሼ እኮ የኢትዮጵያን ካርታ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ይስሉ ነበር" አለ። ትንሽ ጨምሮበታል፣ ግን አላረምኩትም። ከዚያ ቆጣ ብሎ "ሦስተኛው! ሦስተኛውን ያልተጫወተ አልተጫወተም። ሌላው ማጀቢያ ነው" አለና አስቀመጠኝ፣ ጆይስቲኩን አስጨበጠኝ።

የዛሬ ድሎቼ፤ አንድ፣ መራመድ ቻልኩ። ሁለት፣ በር ከፈትኩ። ሦስት፣ ግመል ላይ ወጣሁ፣ በየት በኩል እንደወጣሁ ግን እንጃ። የተረፈውን ከገደል ስወድቅ ነበርኩ። ወንዶቹ ከኋላዬ "ይዝለሉ እትዬ፣ ይዝለሉ!" ይላሉ፤ "ዝላይ ከተውኩ ቆየሁ" እላለሁ። እግሬ ደግሞ አላርፍ አለ። ሩጫ በመጣ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል፣ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እየፈለገ። ነስሩ ሳቁን ዋጠ፣ አየሁት።

እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው! አሸዋው ያበራል፣ ነፋሱ ይሰማል። ግን አልገባኝም። ገና ሲጀምር ለቅሶ ነው፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ እኔ ሟቹን አላውቅም። ለቅሶ ቤት ተሳስቼ ገብቼ "ማን ነው የሞተው" ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ኤርሲዶን እንዲህ ያለ ነገር ላይ ባስቀምጠው ፊቱን ያዞራል። ሦስት አይሆንም።

ስመለስ ወንድሜ ከሾኔ ደወለ። የበሬ ዋጋ ሊያወራ ነበር፣ እኔ ስለ ጌም ጠየቅኩት። "አዲሱን ነዋ! የዘንድሮ ድንች እያለ የአምናውን ማን ይበላል?" አለኝ።

እንግዲህ እኔ ከአንድ ይጀመራል ብዬ ነበር፣ እትዬ አስቴር ስድስት፣ ነስሩ ሦስት፣ ወንድሜ ሰባት። የቀረው አምስትን የሚመርጥ ሰው ነው፣ እሱም ነገ አይጠፋም።

ኤርሲዶን ራሱን ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ሐሙስ፣ መስከረም 14

ጠዋት ለመሠረት "ስድስት" አልኳት። ቁርጥ። ታላቅ ይቅደም፣ ታላቅ አስቀድሞ የተጸጸተ የለም። "እርግጠኛ ነሽ?" ስትለኝ "እትዬ አስቴር ፈርዳለች" አልኩ። "እትዬ አስቴር ጌም ትጫወታለች እንዴ?" አለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ከምሳ በኋላ ኪስ እየሰፋሁ ለኤርሲዶ ነገሩን ሁሉ አወራለት ጀመር። "እንግዲህ የነሱ ዘር እንዲህ ነው፣" አልኩት፣ "ኦሪን አያትየዋ ሚራን ወለደች፣ ሚራ ካሌንን ወለደች፣ ካሌን ደግሞ..."

"አይ...ደለም።"

መኪናውን አቆምኩ። መስኮቱን ነው የሚያየው፣ እኔን አይደለም።

"ምን አልክ?"

ቀኝ እጁን አወጣ። አንድ ጣት፤ "ሚ...ራ።" ሁለተኛ ጣት፤ "ካሌን።" ይሄኛው ሳይሰበር ወጣ። ሦስተኛውን ጣት ለመዘርጋት ታገለ፣ ላቡ መጣ፣ ልረዳው እጄን ስሰድ በቅንድቡ ከለከለኝ። "ኦ...ሪን።"

"አዎ፣ ልክ ነህ፣ እኔ ነኝ ያዞርኩት። ግን ታላቂቱ ኦሪን ስለሆነች ከእሷ ነው የምንጀምረው፣ ከላይ" አልኩ።

ጣቱን ደረቱ ላይ አሳረፈ። "ከ...ራስ" አለ።

እኔ የዶዮገና ከምባታ ልጅ ነኝ፣ እሱ ሀዲያ ነው፤ እኔ ሀዲይኛ እሱ ከምባትኛ እየሰበርን፣ ቤታችን የተጣላውም የታረቀውም በአማርኛ ነው። ስንጋባ አባቱ አስቀምጠው የባሌን አባቶች አስቆጠሩኝ። ከላይ ከትልቁ ጀመርኩ፣ ለአክብሮት መስሎኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። አማቼ "ልጄ፣ ዘር የሚቆጠረው ከራስ ነው። ራሱን ያልያዘ አያቱን አያገኝም" አሉኝ። ኤርሲዶ፣ ላምቤቦ፣ ሄራሞ፣ ዴታሞ... እስከ ዛሬ ሄራሞን እዘላለሁ፣ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስም "ሄራሞን ዘለልሽ" ይለኝ ነበር። ያን ቃል እንዴት እንደናፈቅኩት።

እንግዲያው መጀመሪያ ልጅቷ ናት። ከእሷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ አያቷ። አንደኛው! ራሴ መጀመሪያ ያልኩት! ሰኞ በራሴ ጭንቅላት ብጸና ኖሮ።

መሠረት ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ደወልኩ። ዝግ ነው። "አንድ ነው! ስድስት አይደለም! አባትሽ ነው ያለው!" ብዬ ጻፍኩላት። አልደረሰም። ጓሮ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ማርታ በአጥር በኩል አይታኝ "ጸሎት ነው?" አለች። ጸሎትም ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 15

መጣች። በሃላባ በኩል፣ ሚኒባሱ ላይ ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ። መልእክቴ የደረሳት ሃላባ ምሳ ስትበላ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ስድስት ነው።

"ግድ የለም እማዬ፣ ስድስትም ቆንጆ ነው፣ አባዬ ይወደዋል" አለች። ሰካችው። እኔ የበዓሉን ምግብ፣ አታካናውን፣ እያማሰልኩ ነበር፣ ቡላው እንዳይጓጉል ቅቤውን ቀስ እያልኩ እየጨመርኩ፣ በበሩ በኩል አንድ ዓይኔን ሳሎን ላይ ትቼ። አሮጊቷ ወጣች፣ ግመሏን እየሳበች። በእውነት ታምራለች፣ አለባበሷ ብቻ! ኤርሲዶ አየ። ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለ ፊቱን አዞረ።

በቃ፣ እስከ ገና አልኩ።

"አባዬ፣ ምነው?" አለች መሠረት።

"ልጅ...ቷስ?"

ጆይስቲኩ ከመሠረት እጅ ወደቀ። የክረምት እረፍቷን ሁሉ አብራው ሆና "ወዴት" ከሚለው በቀር ያልሰማች ልጅ ናት።

"የቷ ልጅ አባዬ?"

ተቆጣ። ክፍል ውስጥ የሚቆጣውን ቁጣ፣ ያውቀዋል ፊቱ። "ሚራ። ከ...ላይ አይጀ...መርም። ልጅቷን አም...ጪ!"

መሠረት ወደ እኔ ሮጣ መጥታ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደበቀች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም፣ እኔም የራሴን አላወቅኩም። አታካናው አረረ። ለበዓል ያለ አታካና! ከዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም፣ ግን ልጅቷን ከየት አመጣለሁ?

ቅዳሜ፣ መስከረም 16

የምስራች። ልጅቷ ተገኘች፣ ነስሩ ጠረጴዛ ሥር!

መሠረት እዚህ ለማውረድ ሞክራ ተስፋ ስትቆርጥ አብረን ሄድን። ነስሩ ነገሩን ሰምቶ ጎንበስ አለና በላስቲክ የተጠቀለለ ማሽን አወጣ። ጌም ቤቱን የከፈተበት የመጀመሪያው ነው አለ፣ ማንም የማይጫወትበት፣ መሸጥም ያቃተው። አንደኛው ውስጡ አለ፤ እንደገና የተሠራው ሳይሆን ዱሮ የተወለደው። "ሥዕሉ ደብዛዛ ነው እትዬ፣ ሚራ ፊቷ የድንጋይ ክምር ነው የሚመስለው" አለ።
"ግድ የለም፣ እኛም መነጽር አለን።"
"ውሰዱት። በበዓል ጎረቤቶቼ ሁሉ አገር ቤት ሲሄዱ ከተማውን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ጌም ቤቱም ባዶ ነው። ግን አታካና ካላመጡልኝ ማሽኔን በፖሊስ ነው የማስመልሰው።"
"ያረረውን?"
"ያላረረውን!"

ባለ ሦስት ቀለም ገመዱ የት እንደሚሰካ መሠረት አታውቅም፣ በአዲሱ ዓይነት ገመድ ነው ያደገችው። ነስሩ ራሱ መጥቶ ሰካልን። ኤርሲዶን "ጋሼ፣ አወቁኝ?" አለው። ኤርሲዶ አገጩን ብቻ ነቀነቀ። ነስሩ ግን አልከፋውም። እኔ ከፋኝ። ትናንት የተናገረው ቁጣው ብቻ ቢሆንስ?

በዓሉ በበዓልነቱ አለ፤ እንግዳ፣ ሥጋ፣ "ያሆዴ" የሚሉት ጭፈራ። ቴሌቪዥኑን ለመንካት ጊዜ አልነበረም። ሁሉም ኤርሲዶን ሰላም ይለዋል፣ እሱ በአገጩ። ሁለተኛው አታካና አላረረም። ለነስሩ አድርሻለሁ።

እሁድ፣ መስከረም 17

እንግዳው ወጣ። ከሰዓት ነው። መሠረት ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች፣ "እኔ አልነካም፣ የእናንተ ነው" ብላ። ጆይስቲኩን እኔ ያዝኩ፣ የኤርሲዶ ቀኝ እጅ ገና አይጠናም። እሱ ወንበሩን ሳበ። ወደ እኔ ወንበር አጠገብ።

ሚራ በእውነትም የድንጋይ ክምር ናት። ግን አንዴ ስትሮጥ ካየሃት ፊቷን ትረሳዋለህ። ጨው ተሸክመው ወደ አንድ መንደር ይሄዳሉ፣ ነፋስ ይነሳል፣ መንገዱ ይጠፋል። ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ አለች። እኔና ካርታ! ኤርሲዶን ያገባሁት ካርታ የሚያነብ ሰው እንዲኖር ነው መሰለኝ። ወደ አንድ ግንብ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ያው ግንብ። እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሚራ ግንቡን ትገፋለች።

"ግ...ራ" አለ።

ዞሬ አየሁት። ካርታዋን ነው የሚያየው። አንገቱ ረዝሟል።

ደንግጬ ቀኝ ታጠፍኩ። ምን ላድርግ፣ ስደነግጥ ቀኝ ነው የሚቀናኝ። አሸዋው ዋጠን። ሞትን። ከመጀመሪያው ተባለ።

"ግራ... ከጉድጓዱ... ግራ።"

በዚህኛው ጉድጓዱ የቱ እንደሆነ ስፈልግ አለፍኩት። እንደገና አሸዋ፣ እንደገና ሞት። መሠረት ምንጣፉ ላይ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። ኤርሲዶ በደህናው እጁ የወንበሩን ክንድ መታው።

"አበበች! ጉድጓዱን... ዘለልሽ! ግራ አልኩሽ!"

ስሜን ጠራው። በሙሉ።

ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፊዚዮቴራፒስቷ ምን እንደምትል አላውቅም፣ ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ይሁን አራት ይሁን እሱንም አላውቅም፣ እሱ ያውቃል። ለጊዜው የማውቀው ጉድጓዱ የት እንዳለ ነው። አየሁት፣ ከፊቴ ነበር፣ ግራውም ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር።

ቀኝ ታጠፍኩ። ይሄኛውን ግን አውቄ ነው።